የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ መንደር ያስቸገረችው ዝይና የተጫዋቾቿ ሳቅ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ስለ አንድ ጌም የሚጠይቁ ናቸው። ጌሙ «አንታይትልድ ጉስ ጌም» ይባላል፤ «ርእስ ያልወጣለት የዝይ ጨዋታ» እንደ ማለት ነው። ተጫዋቹ አንዲት ነጭ ዝይ ሆኖ በአንድ ጸጥተኛ የእንግሊዝ ገጠር መንደር ውስጥ እየዞረ ነዋሪዎቹን ያስቸግራል፤ የጌሙ ነገር በሙሉ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጌም ነክተው የማያውቁት ሳይቀሩ፣ ስለዚህች ዝይ እያነሡ ሲስቁ እሰማ ስለነበር እኔም ገዝቼ ሞከርኩት። በእውነት ሳቅሁ፤ ነገር ግን በሁለት ምሽት አለቀብኝ። አንዳንድ ተጫዋቾችም ከዋጋው አንጻር አጠረብን ብለው ሲያማርሩ አይቻለሁ። ይህን ያህል አጭር ጨዋታ ያን ያህል የተወደደው በምን ምክንያት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሳቅዎት ምክንያት ከቅሬታዎ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁለቱን አብረን እንመልከታቸው። በአብዛኞቹ አስቂኝ በሚባሉ ጌሞች ውስጥ ቀልዱን የሚናገሩት ገጸ ባሕርያቱ ናቸው፤ ተጫዋቹ ሰምቶ ይስቃል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን ቀልዱ ይደርቅበታል። በዚህ ጌም ውስጥ አንድም ሰው ቃል አይናገርም። ዝይዋም ብትሆን የምትችለው ጥቂት ነገር ነው፦ መጮህ፣ አንገቷን ዝቅ ማድረግ፣ ክንፎቿን መዘርጋትና በአፏ ያገኘችውን መንጠቅ። በአንጻሩ የመንደሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የዕለት ሥራ አላቸው፤ ዕቃቸው የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃሉ፣ ከቦታው ከጠፋ ይፈልጉታል፣ ካገኙት ይመልሱታል። ተጫዋቹ ይህን ልማዳቸውን እያጠና መቼ እንደሚነጥቅ፣ የት እንደሚደበቅ፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚጮህ ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ቀልዱ የሚነገረው አይደለም፣ ራሱ የሠራው ነው።

ከጌሙ ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው አንድ ምሳሌ አለ። በገበያው መንገድ ላይ አንድ ልጅ በአሻንጉሊት አውሮፕላን ይጫወታል። ዝይዋ አውሮፕላኑን ነጥቃ በባለ ሱቋ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠችው፣ ልጁ ሊያነሣው ሲመጣ ባለ ሱቋ የሚሸጥ ዕቃ ስለሚመስላት ታስቆመዋለች፤ ልጁም የገዛ አሻንጉሊቱን በገንዘቡ ይገዛል። ጌሙ ለተጫዋቹ በሚሰጠው የተግባር ዝርዝር ላይ የተጻፈው ግን «አንድ ሰው የራሱን ዕቃ መልሶ እንዲገዛ አድርግ» የሚል አጭር ትእዛዝ ብቻ ነው። እንዴት እንደሚደረግ የሚነግር የለም። ተጫዋቹ መንገዱን ፈልጎ ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ፣ እኛ በልጅነታችን ኩኩሉ ስንጫወት የሚፈልገን ልጅ በአጠገባችን አልፎ ሲሄድ ትንፋሻችንን ውጠን ከምንሰማው ደስታ ጋር አንድ ነው። ጌም ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቸገሩ የገቡበትም በዚህ ይመስለኛል፤ ድብብቆሽን የማያውቅ ሰው የለምና።

ማጠሩን በተመለከተ፣ ቅሬታው እውነትነት አለው፤ ዋናው ታሪክ በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ሃያ ዶላር ደግሞ ለብዙ ሰው ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ቢረዝም ኖሮ የሰዎቹ ልማድ ሙሉ በሙሉ ታውቆ፣ ቀሪው ጊዜ ድካም ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ደግሞም መጨረሻው ላይ የሚያቆሙ ተጫዋቾች የማያዩት ነገር አለ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ሌላ የተግባር ዝርዝር ይከፈታል፤ ከእነዚያም ውስጥ አንዳንዶቹ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወሉን ሳያቆም የአንዱን ሰፈር ሥራ በሙሉ መጨረስን የሚጠይቁ ናቸው። ሁሉንም ለፈጸመ ተጫዋች ዝይዋ ዘውድ ትጭናለች። ዘውዱን ካላዩ ጌሙን ጨርሰዋል ለማለት አልደፍርም።

ጥያቄ፦ ፒያኖ እማራለሁ። ጌሙን ወንድሜ ሲጫወት ስመለከት ዝይዋ ስትሮጥ ፒያኖው አብሯት ይሮጣል፣ ስትደበቅ ይደበቃል። አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያጅባት ይመስላል። ይህ እንዴት ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማግኘታችን በጣም ተደስተናል፣ ምክንያቱም የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ራሱ የተመልካቾች አስተያየት ታሪክ ነው። የጌሙ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራቸው ሳያልቅ አንድ አጭር ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ለቀው ነበር፤ በቪዲዮውም ላይ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የክሎድ ደቡሲ የፒያኖ ሥራ ከዝይዋ እንቅስቃሴ ጋር ተገጣጥሞ ይሰማል። ይህ ግን እንደ ማንኛውም ፊልም በኋላ የተቀናበረ ነበር። ያዩት ሰዎች በጌሙም ውስጥ ሙዚቃው ዝይዋን እየተከተለ የሚጫወት መስሏቸው ይህንኑ እያነሡ አደነቁ። ሠሪዎቹም ሰው የጠበቀውን ነገር ለመሥራት ወሰኑ፤ ሥራውንም ሙዚቀኛው ዳን ጎልዲንግ ተቀበለ።

ጎልዲንግ ፕሬሉድ የሚባሉትን የደቡሲን አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ወስዶ እያንዳንዱን በሁለት ዓይነት ስሜት አስቀረጸው፦ አንዱ እንደ ተጻፈው ሙሉ ኃይል ያለው፣ ሌላው ደግሞ ቀዝቀዝና ለስለስ ያለ። ከዚያም ቅጂዎቹ እጅግ አጫጭር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ተከፋፈሉ። ጌሙ በየቅጽበቱ የዝይዋን ሁኔታ ያያል፤ ሰው ሲያሳድዳት ከኃይለኛው ቅጂ፣ ወደ ሥራዋ ቀስ ብላ ስትጠጋ ከቀዝቃዛው ቅጂ ቀጣዩን ቁራጭ ያጫውታል፣ ምንም ካልተፈጠረ ደግሞ ዝም ይላል። ሁለቱም ቅጂዎች አንድ ዜማ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጆሮ ስፌቱን አያገኘውም። ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚታዩበት ዘመን ፒያኖ ተጫዋቹ ስክሪኑን እያየ ያጅብ ነበር፤ እርስዎ «ተቀምጦ የሚያጅባት ሰው» ያሉት ትክክለኛ ስሜት ነው። ዝምታውንም ልብ ብለው ያዳምጡት፤ ሳቁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ፒያኖው ካቆመ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ይህን ጌም ይጫወታል፣ እየተንፈራፈረ ይስቃል። እኔ ግን ሳየው መስረቅና ሰው ማስቸገር የሚያስተምር መሰለኝ። ልከልክለው? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ አቃልለንም አናየውም። በጌሙ ውስጥ ደም የለም፣ የሚሞትም የለም፤ የመንደሩ ሰዎች ዝይዋን ሲይዟት የወሰደችውን ነጥቀው ያባርሯታል እንጂ አይጎዷትም። ይሁንና «ማንም አይጎዳም» ብዬ ብጽፍልዎ ሐሰት ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሰፈር አትክልተኛው ዝይ እንዳትገባ የሚከለክል ምልክት በመዶሻ ሲመታ፣ ዝይዋ በድንገት ጮሃ ጣቱን እንዲመታ ታደርገዋለች። ከሁሉም ይልቅ እኔን የከበደኝ በጌሙ ውስጥ ካለው ልጅ ጋር ያለው ነው። ይህ ልጅ ዝይ ይፈራል፤ ዝይዋ ግን ታሳድደዋለች፣ መነጽሩን ትወስድበታለች፣ በስልክ መደወያው ሳጥን ውስጥ ትዘጋበታለች። አትክልተኛው ትልቅ ሰው ነው፣ መልሶም ያሳድዳታል፤ በእርሱ መሳቅ ቀላል ነው። በሚፈራ ልጅ ላይ መሳቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔም ያንን ክፍል ስጫወት ምቾት አልተሰማኝም።

እንዲከለክሉት ግን አልመክርዎትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዝይዋ የምታደርገው ጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ የሚያስቀውም ማወቁ ነው። ምሽት ላይ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠው ይጫወት፣ በጌሙ ወዳለው ልጅ ሰፈር ሲደርሱም «አንተ በእርሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ከሁለት ሴቶች ፊት ዝይዋ ትርኢት አሳይታ አበባ የምትሸለምበትንም ቦታ አብረው ይፈልጉ፤ በዚያ መንደር ዝይዋን በደስታ የሚቀበላት ሰው ማየት ልጅዎን ያስደስተዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ የባፍታ ሽልማት ውስጥ ለቤተሰብ ጌም የሚሰጠውን ማሸነፉንም ይወቁልን።

ጥያቄ፦ ማን ሠራው? በየትኞቹ ማሽኖች ይሠራል? እኔና እኅቴ አንድ ላይ መጫወት እንችላለን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሠራው በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኝ «ሃውስ ሃውስ» የተባለ የአራት ጓደኛሞች ትንሽ ቡድን ነው፤ ያሳተመው ደግሞ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ያለው ፓኒክ ነው። መጀመሪያ መስከረም 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ለኒንተንዶ ስዊች፣ ለዊንዶውስና ለማክ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ደረሰ። በኮምፒዩተር በኩል ግን ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል ጌሙን ኤፒክ በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ብቻ እንዲገዙ መገደዳቸው ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ቁጣቸውንም እረዳለሁ፣ ሁሉንም ጌሞቹን በአንድ ቦታ ያከማቸ ሰው ለአንድ ዝይ ሲል ሌላ ደጅ ሲላክ ደስ አይለውም። የሽያጩ ነገር ግን አልተጎዳም፦ የፈረንጆቹ 2019 ሳያልቅ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ቢላ በአፏ የያዘች ዝይ ምስልም ጌሙን ያልተጫወተ ሰው ስልክ ላይ ሳይቀር ደርሶ ነበር።

ከእኅትዎ ጋር መጫወት ይችላሉ። መስከረም 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጌሙ ስቲም በተባለው ሌላ የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ሲወጣ፣ ሁለት ሰው የሚጫወትበት ክፍል ቀድሞ ለገዛውም ሁሉ በነጻ ተጨመረ። ሁለተኛዋ ዝይ የራሷ የተለየ ጩኸት አላት። ሁለታችሁም በአንድ ስክሪን ፊት መቀመጥ ስለሚኖርባችሁ ላፕቶፑ ላይ የምትሰኩት ጆይስቲክ አዘጋጁ። ጌሙ በአማርኛ ባይዘጋጅም የሚነበበው አጭሩ የተግባር ዝርዝር ብቻ ስለሆነ አትቸገሩም። አንዳችሁ አትክልተኛውን በጩኸት ወደ ኩሬው ስትስቡት ሌላችሁ ቁልፉን ከወገቡ ትነጥቃላችሁ፤ ብቻውን የተጫወተ ሰው ረጅም ጊዜ የሚያደፍጥበትን ሥራ ለሁለት በአንድ ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ።