መልስ፦ ኬሞ ላይ ላሉ እናትሽ ስለ እርድ እንክብልና ዝንጅብል

እናትሽ ኬሞ (የካንሰር የመድኃኒት ሕክምና) ላይ ሳሉ የእርድ እንክብልና ዝንጅብል ልስጣቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የእርዱን እንክብል የካንሰር ሐኪማቸው ሳያየው አትስጫቸው። ዝንጅብሉ በሻይ መልክ፣ በልኩ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ ማቅለሽለሹንም ሊያቀልላቸው ይችላል። ግን የታዘዘላቸውን የማስመለስ መከላከያ አይተካም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ወይም ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ሕዋስ) ወርዷል ከተባለ ዝንጅብሉንም ቀድመሽ ጠይቂ።

«እርድ ምግብ አይደል፣ ምን ይጎዳል?» ላልሽው፦ ምግብ ውስጥ የሚገባው ጥቂት እርድና እንክብሉ አንድ አይደሉም። እንክብሉ የተጠናከረ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርዱ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ይሄው ንጥረ ነገር ጉበት መድኃኒት የሚሰባብርበትን ሥራ ስለሚያውክ ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከታሰበው ሊበልጥ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል ኢሪኖቴካንና ኢማቲኒብ የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ቶሎ ከሰውነት እንዲወጡ ያደርጋል፣ ሕክምናው ይዳከማል።

ለቀጠሮው የእንክብሉን ዕቃ ራሱን ይዘሽ ሂጂ። ስሙን መናገር ብቻ አይበቃም፤ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ማየት ያለባቸው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዝርዝርና መጠን ነው።

ሳስታምም ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ታማሚዎች «ሐኪሙ ይቆጣናል» ብለው የሚወስዱትን ቅጠላ ቅጠል ይደብቃሉ። የጉበት ምርመራቸው ሲበላሽ ታዲያ ጥፋተኛው ኬሞው ይመስልና መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም ቀጠሮው ይገፋል። እናትሽ እንክብሉን ጀምረው ከነበረ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት እንደወሰዱ በግልጽ ተናገሪ። ቀዶ ሕክምና ከታሰበላቸው ደግሞ ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ደውለሽ አሳውቂ፤ እርድ ደም የመርጋት አቅምን ሊቀንስ ይችላል።