በ«ሃምፕ» መስመር ስለጠፉት የጭነት አውሮፕላኖች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሕንዷ አሳም ወደ ቻይናዋ ኩንሚንግ ሲበሩ የጠፉት የአሜሪካ ማመላለሻ አውሮፕላኖች እስካሁን ሁሉም ያልተገኙት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የሂማላያ ተራሮችን በሚያቋርጠው «ሃምፕ» በተባለው የአየር መስመር የተመላለሱት ሲ-47 እና ሲ-46 አውሮፕላኖች ክንፋቸው በረዶ ሲይዝ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ከመስመራቸው ሲያስወጣቸው፣ ብዙ ጊዜ አብራሪው የት እንዳለ ሳያሳውቅ ይወድቁ ስለነበር፣ በመዝገብ የሰፈረው የመጨረሻ ቦታ ከግምት አያልፍም። ደኑም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ ከሳተላይት ምስል ይልቅ ተራራውን የሚያውቁ የአካባቢው አውሬ አዳኞች ቃል ይበልጥ ይረዳል። ፍርስራሹ ከተገኘ በኋላ የጅራቱ ወይም የሞተሩ መለያ ቁጥር ከጠፉት በረራዎች ሰነድ ጋር ይመሳከራል፤ አጽም ካለ ደግሞ ማንነቱ ከቤተሰብ በሚወሰድ የዲኤንኤ ናሙና ይጣራል።