ማይክሮስኮፕ የለንም ለምትሉ ወጣት መምህራን

በቀደም አንድ ጀማሪ መምህር «ማይክሮስኮፕ ሳይኖር ስለ ባክቴሪያ በተግባር ማስተማር ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቻላል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ተማሪዎቼ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት፣ ከባሕር አረም የሚሠራ እንደ ጄሊ ያለ ነገር) የተሞሉ የፔትሪ ሳህኖች፣ ማለትም ክዳን ያላቸው ጠፍጣፋ ሳህኖች አዘጋጁ። አንዱን ባልታጠበ ጣት ነኩት፤ ሌላውን በሳሙና በታጠበ። የበሩን እጀታ በጥጥ ጠርገው ሦስተኛው ላይ አሹት። ይሄኔ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ማንም ያልነካው ላይስ ቢበቅል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ያልተነካ ሳህን ከሌለ፣ የበቀለው ከጣታችን ይምጣ ከአጋሩ በምን ይለያል? አንድ ንጹህ ሳህን ሰጠኋት። ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል «የኔ» ብላ ጻፈችበት።

ሰኞ ስንመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። አስተዳደሩ «በሽታ ያመጣል» ብሎ ሳይጠይቀን አስጥሎታል። ልጅቷ ባዶውን መደርደሪያ ደጋግማ አየችው፤ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለሌላ አጋር በጀት አልተፈቀደልንም። ዓመቱ ሲያልቅ እሷም ትምህርት ቤት ቀየረች። ውጤቱን ሳታይ መሄዷ አሁንም ያንገበግበኛል።

አጋር ካልኩ አይቀር፣ ከእሱ በፊት ባክቴሪያ የሚያሳድጉት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣው በጄላቲን ጭምር ነበር። ጄላቲን ሲሞቅ ይቀልጣል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያም ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1881 በአጋር ይተካ ያለችው የተመራማሪው ዋልተር ሄሰ ሚስት ፋኒ ሄሰ ናት፤ ከማድ ቤቷ ታውቀው ነበር። ሳህኑን ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ዩሊየስ ፔትሪ በ1887 አስተዋወቀ። ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሯቸው።

የዛሬ ልጆች መጠበቅ አይሆንላቸውም። የሦስት ቀኑን ለውጥ በ30 ሰከንድ ቪዲዮ ማየት ለምደዋል፤ ቪዲዮ ደግሞ ቀድመህ ገምት አይልም። እንዲያም ሆኖ እኔ ራሴ ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል የሚያሳይ ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ከፍቼ አውቃለሁ። ሳህን ላይ የሚታየው ነጥብ እኮ የሚሊዮኖች ክምችት ነው፤ አንዷን ብቻዋን በምን ላሳያቸው?

እጅ ታጠቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሳህኑን ግን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ላቦቱ እንዳይንጠባጠብበት። ክዳኑን ሁለት ሦስት ቦታ በፕላስተር ያዙት፤ ዙሪያውን አትድፈኑት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። 37 የሰውነታችን ሙቀት ስለሆነ እኛን የሚያሳምሙትን ይጋብዛል። ከበቀለ በኋላ በፍጹም አትክፈቱት። ከመጣሉ በፊት በግፊት ማብሰያ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይቀቀል።

ዳቦ ላይ የሚበቅለው በአብዛኛው ሻጋታ ነው፤ ባክቴሪያ ነው ብላችሁ እንዳታስተምሩ። አጋር ካጣችሁ እርጎ አለላችሁ። ወተት አፍልታችሁ ለብ ሲል በሁለት ብርጭቆ ክፈሉት፤ አንዱ ላይ ብቻ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምሩ። ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሯቸውና ሁለቱንም በሊትመስ ወረቀት (አሲድ ሲነካው ቀለሙ ወደ ቀይ በሚለወጥ ወረቀት) ፈትኑ። ቤተ ሙከራ ያደረውን ግን ማንም እንዳይቀምሰው።