ስክሪኑ ይቆየኝና ቁልፎቹን አሳዩኝ

የመኪና ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከግማሽ በላይ ስለ አዳዲስ ፒካፖች ጋቢና ናቸው። ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም "ይቺ ቁልፍ ደግሞ ምንድናት" ነው የሚለው። እኔም ሰሞኑን የአክስቴን ልጅ አዲስ ደብል ካቢን ተበድሬ ሦስት ቀን ነድቻታለሁ፣ ከጎንደር ደባርቅ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ስለዚ አንዳንዱን ከማንዋሉ አንዳንዱን ደግሞ ከራሴ ውርደት ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 58 ነው፣ 26 ዓመት አሮጌ ፒካፕ ነድቻለሁ፣ ፎር ዊል ስፈልግ ከማርሹ ጎን ያለችውን አጭር ዘንግ ሳብ አድርጎ መሄድ ነበር። አሁን ልጄ አዲስ የናፍጣ ፒካፕ ገዛና "አባዬ አንተ ንዳት" አለኝ። ሻጩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቁልፉን ሰጥቶን ሄደ፣ ልጄም የሚያውቀው ስልኩን አገናኝቶ ሙዚቃ መክፈት ብቻ ነው። መሪው ላይ ብቻ 14 ቁልፍ ቆጠርኩ። ኤች2፣ ኤች4፣ ኤል4 የሚል ክብ ማዞሪያ አለ፣ ዳገት ስትወርድ የሚያሳይ የመኪና ስዕል ያለበት ቁልፍ አለ፣ ሌላ ኤክስ ምልክት ያለበትም አለ። ጭነት ይዤ ደባርቅ እመላለሳለሁ፣ አልፎ አልፎም ሊማሊሞን እወርዳለሁ። የትኛው ለእኔ ነው፣ የትኛው ለጉራ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሻጮቹ የሚያሳዩት የጉራውን ነው፣ ትልቁን ስክሪን ነካ ነካ አድርገው ካሜራውን ከፍተው "ይኸው" ይሉና በቃ። ለርስዎ መንገድ የሚጠቅመው ግን ያቺ ክብ ማዞሪያ ናት።

ኤች2 ማለት ኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚገፋው፣ አስፋልት ላይ ሁሌም እሱ ላይ ይሁን። ኤች4 አራቱንም ያስገፋል፣ ለጭቃ፣ ለልል ኮረት፣ ክረምት ላይ ለሚያንሸራትት አፈር። እዚጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ "አራት ከሁለት ይበልጣል" ብሎ ደረቅ አስፋልት ላይ ኤች4 አድርጎ የሚሄድ አለ። እንደዛ አይሆንም። አብዛኛው ፒካፕ የፊቱንና የኋላውን አክስል እኩል አድርጎ ነው የሚያስረው፣ መሃል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለውም፣ መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ነው የሚሄደው። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ይጨርሰዋል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ ስለሌለው ትግሉ ሁሉ ካንቢዮና አክስሉ ውስጥ ይቀራል። ፒያሳ ላይ በኤች4 ልዙር ቢሉ መሪው ይከብድዎታል፣ መኪናዋም እንቢ እንዳለች አህያ ትገትራለች። እንደዛ ከሆነች ተበላሸች ብለው ጋራዥ አይውሰዷት፣ ወደ ኤች2 መልሰው ቀጥ ባለ መንገድ ትንሽ ይንዷት፣ ትለቃለች።

ኤል4 የድሮዋ ዘንግዎ ታች ስትገባ የምትሰጠው ያው ዝግ ብሎ በጉልበት የመሄድ ነገር ነው። እሱን ለማስገባት መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፣ ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ኤን (ኒውትራል) ላይ ያድርጉ፣ ከዛ ማዞሪያውን። ክሩስኮቱ (መሪው ፊት ያለው ጠቋሚ ሰሌዳ) ላይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ብልጭታው እስኪቆም ይጠብቁ። የድሮው ዘንግ ሲገባ በእጅ ይሰማ ነበር፣ አሁን ሥራውን የሚሰራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ የሚነግርዎት መብራቷ ብቻ ናት። እኔ ሳልጠብቅ ተነስቼ የሰማሁትን የብረት ድምፅ እስካሁን አልረሳውም፣ የአክስቴ ልጅም አይረሳውም።

ዳገት የምትወርደው ስዕል ለቁልቁለት ናት። ሲከፍቷት ኮምፒውተሩ ራሱ እያንዳንዱን ጎማ ፍሬን እየያዘ በዝግታ ያወርድዎታል፣ እግርዎን አንስተው መሪ ብቻ ነው የሚይዙት፣ ከታች ጠክ ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፣ የፍሬኑ ሥራ ነው። ግን ልብ ይበሉ፣ የሚጠቀመው ፍሬኑን ነው። አጭርና ቀጥ ያለ፣ ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት ላይ ግሩም ናት፣ ጣልያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ) ያሠራውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ከላይ እስከ ታች ግን በሷ ብቻ ልውረድ አይበሉ፣ ጭነት ይዘው ፍሬን ሲግል የሚሆነውን ከኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። እዛ ያለው መላ የድሮው ነው፣ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተር መያዝ። አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን ወደ ኤም ወይ ወደ ኤስ ገፋ አድርገው በእጅ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ።

ኤክስ ምልክት ያለባት የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ናት፣ ሁለቱን የኋላ ጎማ አስራ እኩል ታዞራለች። አንዱ ጎማ አየር ላይ ወይ ጭቃ ውስጥ ብቻውን ሲሽከረከር ይጫኗታል፣ ሲወጡ ወዲያው ያጥፏት፣ ተቆልፋ እያለች መጠምዘዝ የለም።

አሁን ስለ ስክሪኑ ልበል፣ ምክንያቱም የተናደድኩት በሱ ነው። ከጎንደር ወጥቼ ኮሶዬ አካባቢ ስደርስ ጉም ወረደ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በአንዴ ነጭ ሆነ። በድሮ መኪና እጅህን ዘርግተህ ማዞሪያውን ወደ መስታወት ማዞር ነበር፣ ሳታይ። በዚች ግን (ብራንዱን አልጠራም) ኤሲው ስክሪኑ ውስጥ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ካርታውን መዝጋት፣ ከዛ የማራገቢያ ምልክቷን መንካት፣ ከዛ ከስድስት ትናንሽ ስዕሎች የመስታወቷን መምረጥ፣ እኔ ደግሞ ያለ መነፅር ቅርብ አላይም፣ መንገዱ ኮረኮንች ሆኖ ጣቴ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ወንበር ማሞቂያውን ከፈትኩት! ዳር ይዤ ቆሜ ነው ያስተካከልኩት፣ ከኋላዬ የመጣ ሚኒባስ ክላክሱን እያንጫጫ አለፈኝ።

የኔ ሽምግልና ብቻ እንዳይመስልዎት። በ2022 እ.ኤ.አ አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ሹፌሮች በ110 ኪሎሜትር ፍጥነት እየነዱ ሬዲዮ መቀየር፣ ሙቀት ማስተካከል የመሳሰሉ አራት ሥራዎችን እንዲሰሩ አድርጎ ሰዓት ይዞ ነበር። ቁልፍና ማዞሪያ ባላት የ2005 (እ.ኤ.አ) ቮልቮ 10 ሰከንድ ፈጀ፣ ሁሉ ነገሯ ስክሪን ውስጥ በሆነ አዲስ መኪና ደግሞ 44.6 ሰከንድ። በዛ ፍጥነት 44 ሰከንድ ማለት ከአንድ ኪሎሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ግማሽ ልብህ ስክሪኑ ላይ ሆኖ። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጊዜ መብራት የራሳቸው እውነተኛ ቁልፍ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። ስለዚ ጋሼ ገና ያልገዛ ጎረቤት ካለዎት ይንገሩት፣ ሲመርጥ ዓይኑን ጨፍኖ ኤሲውን መክፈት ይቻለው እንደሆነ እዛው ሻጩ ፊት ይሞክር።

መሪው ላይ ካሉት 14 ውስጥ ለርስዎ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዋ፣ ስልክ ማንሻዋና ክሩዝ ኮንትሮሉ (ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው) ይበቃሉ፣ ክሩዙንም ከብት በሚያቋርጥበት መንገድ አልመክርም። አንዲት ነገር ግን ዛሬውኑ ይፈልጉልኝ፣ በክብ የታጠፈ ቀስት ያለበት የመኪና ስዕል። የውጪ አየር መዝጊያ ናት፣ አቧራ የሚያቦን አይሱዙ ሲቀድምዎት ጫን፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከፈት ያድርጉት፣ ተዘግቶ ከቆየ መስታወቱ ይጎምብዎታል። የጋቢናው አየር ማጣሪያ በአብዛኛው ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ነው፣ እዚህ ባለው አቧራ ማንዋሉ ከሚለው ቀድመው አውጥተው ያራግፉት።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ነው። የመስሪያ ቤት ፒካፕ ነው የምነዳው፣ ውሎዬ ማራኪ፣ ፒያሳ፣ አራዳ ነው፣ ከከተማ አልወጣም። ክሩስኮቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ሳጥን የሚመስል ብርቱካናማ መብራት መጣ። አንዱ መካኒክ "ተይው ሴንሰር ነው" አለኝ፣ ሌላው "ቆርጠን እናውጣው" አለኝ።

መልስ፦ እህቴ ሁለቱንም አትስሚያቸው። የጥላሸት ማጣሪያ የሌለው የናፍጣ ፒካፕም አለ፣ ያንቺ ግን አለው ማለት ነው፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መስመር ላይ ነው ያለው። ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣውን ጥላሸት ይይዝና ሲሞላ እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ አግሎ ያቃጥለዋል። ለዛ ግን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ለደቂቃዎች እኩል መሄድ አለበት፣ አንቺ ደግሞ በየባጃጁ ኋላ እየቆምሽ ስትውይ መቼ ይሙቅ። መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ሳይብለጨለጭ ከሆነ ናፍጣ ሞልተሽ ወደ ባህር ዳር መስመር ውጪ፣ ማክሰኚት ድረስ ቆም ሳትዪ በተረጋጋ ፍጥነት ሂጂና ተመለሺ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። አለቃሽ ነዳጅ አባከንሽ ካለ ማጣሪያ መቀየር ስንት እንደሆነ ይጠይቅና ይመልስልሽ። አንዳንዱ መኪና ቆሞ የሚያቃጥልበት ቁልፍም አለው፣ እሱን የምትጫኚ ከሆነ ግን ገለባና ደረቅ ሳር ባለበት እንዳታቆሚ፣ ማርሚታው እሳት ነው። ቀይ ከሆነ ወይ ሞተሩ ጉልበት ካነሰው ያኔ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ብቻ።

ጥያቄ፦ ቆላድባ ገበያ ሄጄ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ መኪናው "ቁልፍ የለም" አለኝ። በሩም አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ ሌባ መሰልኳቸው።

መልስ፦ ሳቅኩ ይቅርታ። የቁልፉ ባትሪ ነው ያለቀው፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፣ አንድ ትርፍ ቦርሳህ ውስጥ አድርግ። ለጊዜው ግን ከቁልፉ ጎን ያለችውን ትንሽ መንቀያ ይዘህ ስትስባት ተራ ብረት ቁልፍ ትወጣለች፣ በሩን በሷ ክፈት። ከዛ ፍሬኑን (ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን) ረግጠህ ቁልፉን ራሱን ከስታርት ቁልፏ ጋር አስጠጋና ተጫን፣ ባትሪው ሞቶም ቢሆን በቅርበት ታነበዋለች። አንዳንዶቹ ማስጠጊያው ሌላ ቦታ ስለሆነ ማንዋልህን አንዴ እይ።

ጥያቄ፦ አዲሱ መኪናዬ የጎማ ንፋስ ስክሪን ላይ ያሳየኛል። መተማ ስወርድ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ጎሚስታው ያጭበረብረኛል ወይስ መኪናው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም፣ አየሩ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ 700 ሜትር አካባቢ። ዝቅ ስትል የውጪው አየር ይከብድና የጎማህ ቁጥር ወደ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው) ገደማ ይቀንሳል፣ ቆላው ደግሞ ጎማውን ያሞቀዋል፣ ሙቀት 20 ዲግሪ ከጨመረ ወደ 3 ተኩል ይጨምራል፣ ከዛ ላይ መንዳቱ ራሱ የሚያሞቀው አለ። ስለዚ እየተጣሉ ነው የምታያቸው። ሞቆ እያለ አየህና "በዛ" ብለህ እንዳታስተነፍስ፣ ጠዋት ሳትንቀሳቀስ የሚያሳይህን ነው የምታምነው።

ጥያቄ፦ መኪናው መስመር ሳልወጣ ወጣህ እያለ ይጮሃል። ልጆቼ ጮኸ ብለው ይስቁብኛል።

መልስ፦ በካሜራ የመንገዱን መስመር ቀለም እያየ ነው፣ ቀለሙ በተላጠበት መንገድ የአስፋልት ጥገና መስመሩን ሁሉ ቀለም ይመስለዋል። መሪ ላይ ወይ በግራ በኩል ያለችውን የመስመር ስዕል ቁልፍ ተጫንና አጥፋው። ከፊት ግጭት የሚያስጠነቅቀውን ግን ተወው፣ ጠቃሚ ነው፣ አህያ ሲሻገር ያያል ብለህ ግን አትተማመንበት።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ፒካፕ ኤሲው ፊት የሚወጣ ብርጭቆ ማስቀመጫ አለው ይባላል፣ እውነት ያቀዘቅዛል?

መልስ፦ አዎ፣ አዲሶቹ ሃይሉክሶች ላይ አለ፣ ጫን ስትለው ከዳሽቦርዱ ውስጥ ይወጣል፣ ኤሲው ቀጥታ ስለሚነፋበት ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ሙቀት ላይ ካደረግከው ደግሞ ሻይ እንዳይበርድ ይይዛል። የቡና ሲኒ ግን አይቆምበትም፣ ሞክሬው ሱሪዬ ላይ ነው ያረፈው።