መልስ፦ የሦስት ወር የመብራት ቢል በአንዴ ሲመጣ አቤቱታው ወዴት ነው?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቆጣሪው ሳይነበብ ከርሞ የሦስት ወር ቢል በአንዴ መጣብኝ፣ ለማን አቤት ልበል ብለሃል። መጀመሪያ ቢሉ ላይ ያለውን ንባብ ቆጣሪህ ላይ ካለው ጋር አስተያይ። በወር 80 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም ከሆነ ሦስቱ ወር ተደምሮ 240 ይሆናል፤ እንደ አንድ ወር ከተሰላ ከፍ ወዳለው የታሪፍ እርከን፣ ማለትም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወደሚጨምርበት ደረጃ ይገባል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላልህ ጠይቅ።

የቆጣሪውን ቁጥርና ንባቡን ፎቶ አንሳ። አቤቱታህን በጽሑፍ ቢሉን ለላከልህ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል አስገባ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ማስረጃ የለውም።

መብራት ኃይል በ2006 ለሁለት ተከፍሏል፦ «ኤሌክትሪክ ኃይል» የተባለው ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፤ «ኤሌክትሪክ አገልግሎት» የተባለው ያከፋፍላል፣ ይሸጣል። ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለስልጣን ነው፤ ማዕከሉ ካልመለሰልህ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘህ ወደዚያ ሂድ።

ታሪፉን ግን ባለስልጣኑ ብቻውን አይወስንም። በአዋጅ 810/2006 የብሔራዊ መረቡን (የአገር አቀፉን የኤሌክትሪክ መስመር) ታሪፍ መርምሮ ያቀርባል፣ የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ ሻጩም አጽዳቂውም መንግሥት ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው አቅም አይኖረውም።