«300 ኪሎ ሜትር ይስባል» ለተባለው አንቴና ቀሪውን ብር ከመክፈልህ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ ቡና መሀል ባለው የአባቴ ቤት ነው። ቤቱ ኮረብታ ሥር ነው። ያለን ትንሽ አንቴና ምስሉን እየቆራረጠ ያሳያል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ጅማ ያለ አንድ ባለሱቅ በሪሞት የሚዞር፣ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ያለው፣ ከቤት ውጭ የሚሰቀል አንቴና አሳየኝና «300 ኪሎ ሜትር ይስባል፣ የአዲስ አበባውን ሁሉ ያመጣልሃል» ብሎኝ ቀብድ ከፈልኩ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀሪውን ብር ኪስህ አቆየው። ያቺ በሪሞት የምትዞር አንቴና ለጥገና እኔ ሱቅ መምጣቷ አዲስ ነገር አይደለም። አንዷን በካቻቢቴ ከፍቼ አይቻታለሁ፤ ከላይ የፕላስቲክ ክንፍ፣ ከውስጥ ጣት የሚያክሉ ሁለት ቀጫጭን ላሜራዎች፣ አንዲት ትንሽ ሞተርና የቡስተር ሰሌዳ። አብዛኛው ክብደቷ ሞተሩ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን 300 ደግሞ አብረን እንመርምረው። የቴሌቪዥን ሞገድ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን ነው፣ ቀጥታ ካላየ አይደርስም። መሬት ክብ ስለሆነች ሜዳ ላይ እንኳ ወሰን አለው። የማሰራጫውን ማማ ቁመት በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.1 አባዛው፣ የአንተን ምሰሶም እንዲሁ አድርገህ ሁለቱን ደምር፤ የምታገኘው ርቀቱ ነው በኪሎ ሜትር። ማማው 60 ሜትር፣ ምሰሶህ 9 ሜትር ቢሆን ድምሩ 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለሱቁ ያለው 300 እንዲሞላ ማማው ወደ 4,900 ሜትር መቆም አለበት፤ ከራስ ዳሸን በላይ ማለት ነው። ማሰራጫ ተራራ አናት ላይ የሚተከለውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ማታ አየሩ ሲመቸው የሩቅ ጣቢያ ብቅ ሊል ይችላል፤ ሲነጋ የለም። አዲስ አበባ ከጅማ እንኳ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ከአጋሮ ደግሞ ከዚያ ትርቃለች፣ መሀል ላይ የግቤ ሸለቆ አለ፣ ተራራውን ተወው። የአዲስ አበባውን እርሳውና በቅርብህ ያለውን ማሰራጫ በደንብ እንያዝ።

ከመግዛትህ በፊት ጥሩ ምስል የሚያገኝ ጎረቤት ፈልግና ጣሪያውን ቀና ብለህ እይ። ሦስት ነገር ትማራለህ። አንቴናው ወዴት ዞሯል? ዘንጎቹ ተጋድመዋል ወይስ ቆመዋል? ማሰራጫው ሞገዱን አጋድሞ ከላከ አንተ አቁመህ ብትሰቅል ሲግናሉን ራስህ ገደልከው። ሦስተኛው የዘንጎቹ ርዝመት ነው። ስንዝር የሚያክሉ ከሆነ ዩኤችኤፍ ነው፣ ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ የሚሠራው። ክንድ ከስንዝር ከሆኑ ቪኤችኤፍ ነው፣ ከ174 እስከ 230 ያለው። ስንዝር ዘንግ ገዝተህ ቪኤችኤፍ ብትጠብቅ እስከ ፋሲካ ትጠብቃለህ። ሁለቱንም የምትፈልግ ከሆነ ረጅምና አጭር ዘንግ የተቀላቀለበት አለ።

ለሩቅ የሚሆነው ያው የዓሣ አጥንት የሚመስለው ረጅሙ ነው። ዘንጉ በበዛና አካሉ በረዘመ ቁጥር ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቆ ያያል፣ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ይተዋል። በዚያው ልክ አቅጣጫ መሳት አይወድም፤ ትንሽ ከዞረ ያልቃል። ስለዚህ ምሰሶው ባህር ዛፍ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ግን አይወዛወዝ፣ ቡሎኑም በደንብ ይጥበቅ።

አሁን ስለ ኮረብታው። እዚህ ላይ እኔም ተሞኝቻለሁ። ከዓመታት በፊት በማና በኩል አንድ ቡና አምራች ቤት ኮረብታ ሥር 12 ሜትር ባህር ዛፍ ተክዬ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፤ ምንም። አመሻሹ ላይ ተስፋ ቆርጬ አንቴናውን ተሸክሜ ከኮረብታው ርቄ ወደ ጓሮው መጨረሻ ስሄድ፣ በሰው ቁመት ላይ ምስሉ መጣ። ሞገዱ በኮረብታው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ትንሽ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ግን እግሩ ሥር አይወድቅም፤ ራቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። እና አንተም ምሰሶ ከመትከልህ በፊት አሮጌውን አንቴና ረጅም እንጨት ላይ አስረህ ግቢውን ሁሉ ዙር። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ የሲግናል ጥራቱን እያየ ይጩህልህ። ዩኤችኤፍ ከሆነ ሁለት እርምጃ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ክረምት ላይ የሚጠፋብህ ደግሞ ዝናቡ ራሱ አይመስለኝም። አንድም የቡናው ጥላ ነው፤ የዋንዛና የብርብራ ቅጠል ውሃ ሲይዝ ዩኤችኤፍን ይውጠዋል፣ ስለዚህ አንቴናው ከዛፉ በላይ ወይም ክፍት በሆነ በኩል ይሁን። አንድም ውሃ በኮኔክተሩ ገብቷል። ጫፉን ፈትተህ እይ፤ የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ያንን ያህል ገመድ ቆርጠህ ጣልና አዲስ ኮኔክተር ግጠም፣ በናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየደረብክ ጠቅልለው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ፤ ዋጋው ከሁለት ሻይ አይበልጥም።

ገመዱ ባለ 75 ኦም አርጂ 6 ይሁን። በዩኤችኤፍ 20 ሜትር አርጂ 6 የሲግናሉን ግማሽ ያህል ይበላል፣ ቀጭኑ አርጂ 59 ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቡስተር የሚያስፈልገው ይህንን ለማካካስ ነው፤ ቦታውም ምሰሶው ላይ፣ አንቴናው ሥር ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ብትሰካው የደከመውን ሲግናልና ጫጫታውን አንድ ላይ ያጮኸዋል። ያልደረሰውን ማምጣት አይችልም።

ዲጂታሉን ለመያዝ ቴሌቪዥንህ ቲ2 (DVB-T2) የሚባለው የዲጂታል አንቴና መቀበያ ያለው መሆኑን ጀርባው ላይ አንብብ፤ ከሌለው ለብቻው ቦክስ አለ። የዲሽ ሪሲቨር ላይ አንቴና ሰክተው «አልሠራም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ አይሠራም። ምሰሶው ብረት ከሆነ ደግሞ ወደ መሬት በወፍራም ሽቦ ይያያዝ፣ መብረቅ ሲጀምር ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ይነቀል፣ ከመብራት ገመድም ይራቅ።

ግቢውን ዞረህ የትም ቦታ ጥራቱ ካልተነሳ አንቴና አትግዛ፣ ዲሽ አስገባ። ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከእናንተ ጋ ሲታይ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ 300 ሜትር ኮረብታ 17 ዲግሪ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህ ዲሹ በአናቱ ላይ አሻግሮ ያያል። በምዕራብ በኩል ያለው ናይልሳት ግን 39 ዲግሪ ላይ ዝቅ ይላል፤ በዚያ በኩል ረጅም ዛፍ ካለ ቦታ ቀይር። እንደ እኛ አገር ዝናብ 90 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውሰድ፣ 60ው ላይ አትቆጥብ።

ቀብዱን ባለሱቁ አልመልስም ካለህ አትጣላው። በዚያው ብር አርጂ 6 ገመድና ኮኔክተር ስጠኝ በለው፤ አንቴናም ዲሽም ብትመርጥ ሁለቱ አይቀሩልህም።