የመኪና ጥገና ሥልጠና፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ወጣቶችን የመኪና ጥገና ሙያ ስለማሠልጠን ከአሠልጣኞች፣ ከሠልጣኞችና ከወላጆች ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ከእነዚህ መካከል ሰባቱን መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቼባቸዋለሁ። ብዙ ዓመት በወርክሾፕ ውስጥ ያሠለጠንሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የምናገረው በዚያው ባየሁትና በሠራሁት ልክ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ አካባቢ የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ ነኝ። ለ36 ሠልጣኞች ያለን የሚሠራ መኪና አንድ ብቻ ነው። ሁለት የቆዩ ሞተሮችም አሉን፤ እነሱም በየዓመቱ ሲፈቱና ሲገጠሙ ብሎናቸው ሁሉ አልቋል። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር መሆን አለበት ይባላል። በዚህ ሁኔታ እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ 36 ወጣት አንድ ሞተር ከብቦ ሲቆም አምስቱ መፍቻ ይይዛሉ፣ የቀሩት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ያያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን በስድስት ስድስት ሰው ከፍለው ስድስት የሥራ ቦታ ያዘጋጁ። አንዱ ቡድን የባትሪና የቻርጅ ልኬት ሲሠራ፣ ሌላው የፍሬን ዲስክ ውፍረት ይለካል፤ ሦስተኛው በጣውላ ላይ የተዘረጋ የመብራት መስመር ላይ ብልሽት ይፈልጋል፤ አራተኛው ጎማ ይፈታል፣ ያስራል፤ አምስተኛው የሲሊንደር ግፊት ይለካል፤ ስድስተኛው ደግሞ የጥገና መመሪያ ይዞ ለቀረበለት ጥያቄ መልሱን ከገጹ ያወጣል። ከእነዚህ ውስጥ የሚሠራ መኪና የግድ የሚፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው። ለልኬት የሚሆን ያረጀ ዲስክ፣ የተበላ ቫልቭ፣ የተጫረ የክራንክ ዘንግ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄደው ቢጠይቁ በትንሽ ዋጋ ያገኛሉ፤ እንዲያውም ለልኬት ትምህርት ያለቀ ዕቃ ከአዲሱ ይሻላል፤ ሠልጣኙ ማለቅ ማለት በመለኪያው ላይ ስንት እንደሆነ የሚያየው በእሱ ነውና።

ከቦታው አደላደል ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። በብዙ ወርክሾፖች የመጀመሪያው ተግባር ሞተር መፍታት ነው። ወጣቱ ይደሰታል፣ እጁ ዘይት ይነካል፣ አሠልጣኙም ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ልጆቹ ግን ጋራዥ ሲገቡ ለእያንዳንዱ ችግር መልሳቸው መፍታትና መቀየር ሆኖ አገኘሁት።

አንድ ቀን ወደ ወርክሾፓችን የመጣ ኮሮላ ሲያስነሡት ሞተሩ እየጎተተ ይዞር ነበር። ባለቤቱ በአንድ ጋራዥ ምክር ባትሪ ቀይሯል፣ ቀጥሎም ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ቀይሯል፤ መኪናው ግን ያው ነው። ለሠልጣኞቹ አንድም ብሎን እንዳይነኩ ነግሬ የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ብቻ ሰጠኋቸው። ባትሪው ቁጭ ባለበት 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው ማለት ነው። አንዱ ቁልፍ ሲያዞር ባትሪው ላይ 11 ቮልት ያህል ቀረ፤ ይህም ደህና ነው። ከዚያ አንዲት ሠልጣኝ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እግር ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋ ቁልፍ ሲዞር አነበበች፦ 1.8 ቮልት። እዚያ ላይ ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት አልነበረበትም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ ስንከተል፣ በብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበት አገኘን። ፍቆ ማጽዳትና ማሰር ሩብ ሰዓት ፈጀ። የሁለቱ ዕቃ ዋጋ ግን ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለልኬት ብቻ ሰጥቻለሁ፤ እርስዎም እንዲሞክሩት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ያረፈ ባትሪ 12.4 ቮልት ሲያሳይ ሩቡ ያህል እንደጎደለ፣ ከ12 በታች ከሆነ እንደተራገፈ፣ ሞተር ተነሥቶ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል መገኘት እንዳለበት በቃሉ የያዘ ሠልጣኝ፣ መፍቻ ሳያነሣ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ጥያቄ፦ የደረጃ 2 ሠልጣኝ ነኝ፤ ለትብብር ሥልጠና ጋራዥ ተመድቤያለሁ። ኮሌጅ የተማርሁትን ስም ስጠራ ይስቁብኛል፤ እነሱ የሚሉትን ደግሞ እኔ አላውቀውም። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ያዝ ልጄ። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በወረራው ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚህ ከቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች ሥር ሥራ የለመዱ ሰዎች፣ ቃሉን ከነሙያው ለተከታዮቻቸው አስተላለፉ። ስፓርክ ፕላግ ካንዴላ፣ ክላች ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ፣ የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታ፣ ቤሪንግ ኩሽኔታ፣ የጭስ ማፈኛው ማርሚታ የሚባሉት ለዚህ ነው። ጎሚስታውም ባትላሜራውም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። ስለዚህ «ክሪክ አምጣ»፣ ማለትም የመኪና ማንሻውን፣ ስትባል መሄጃህን ማወቅ አለብህ።

የብቃት ምዘናውና የአምራቾች የጥገና መመሪያ የሚጠቀሙት ግን በእንግሊዝኛው ስም ነው። ደብተርህን በሦስት ዓምድ ክፈለው፦ የጋራዡ ስም፣ የመመሪያው ስም፣ የዕቃው ሥራ። በየማታው አምስት አምስት ብትጽፍ የሥልጠናው ጊዜ ሳያልቅ ያንተ መዝገበ ቃላት ይኖርሃል። አለቃህ መመሪያ የማያነብ ሰው ቢሆን እንኳ አትናቀው፤ የኩሽኔታን ድምፅ ከጎማ ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ በመጽሐፍ አይገኝምና ከጎኑ ቆመህ አዳምጥ።

ጥያቄ፦ በስልክ የሚሠራ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። የብልሽቱን ኮድ ካነበብሁ በኋላ የሚጠቁመውን ዕቃ መቀየር በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። መሣሪያውን መግዛትህ ግን ጥሩ ነው። ባለ 16 እግሩ ሶኬት ከመሪው በታች ባለባቸው አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያገለግልሃል። ኮዱ የሚነግርህ የመኪናው ኮምፒዩተር ያየውን ምልክት እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። P0171 የሚለውን እንውሰድ፤ ትርጉሙ ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቶበታል ማለት ነው። ብዙዎች በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ይቀይራሉ። ሴንሰሩ ግን እውነቱን የተናገረ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ጆሮህን ወደ አየር ማስገቢያው አስጠግተህ የፉጨት ድምፅ ፈልግ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አጠፍ እያደረግህ ተመልከት፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዕቃ ግዢ የምታስበው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አላመጣም። መካኒክ መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ዘመዶቻችን ግን ትምህርት ያልሆነለት ሰው ሥራ ነው ይሉናል። እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ዘመዶችዎ የሚናገሩት ስለ ድሮው መኪና ነው። የዛሬ መካኒክ የኤሌክትሪክ ሥዕል ያነባል፣ በኦም ሕግ ያሰላል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይከተላል። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ በየደረጃው የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ቆይቶ አሠልጣኝ መሆን ቢፈልግ ደግሞ እንደ ኢፌዴሪ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ባሉ ተቋማት በዲግሪ መቀጠል ይችላል።

ኮሌጅ ሲመርጡ ግን ማስታወቂያውን ትተው በሥልጠና ሰዓት ወርክሾፑን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥሩ ሰው የገባበት መኪና ካዩ፣ ወይም የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር ሲነፉ ካገኟቸው፣ ልጅዎን ሌላ ቦታ ያስመዝግቡ። መኪና መደገፍ ያለበት በቋሚ ማስደገፊያ ነው፤ የፍሬን አቧራም በእርጥቡ ይጠረጋል እንጂ ሰው እንዲተነፍሰው አይበተንም።

ጥያቄ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሠልጣኞቻችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይጠይቁናል። ኮሌጃችን አንድም የለውም። ምን እናስተምራቸው?

መልስ፦ ክልከላው ይፋ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቢዋይዲና አይዲ 4 የተባሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ማየት የተለመደ ሆኗል። ሆኖም አስቀድመው የገቡት ቪትዝና ኮሮላዎች ገና ለብዙ ዓመት ጥገና ይፈልጋሉ፤ የሞተር ትምህርቱን አትጣሉት። በተጨማሪም የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን፣ መሪ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያለው መሆኑን አስታውሱ። ከላይ ለአዳማው አሠልጣኝ የገለጽሁት የልኬት ትምህርት ሁሉ ያለ ለውጥ ያገለግላል።

አዲስ የሚሆነው የከፍተኛ ቮልቴጅ አደጋ ነው፤ በዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ አሠልጣኝ የሰው ነፍስ ያጠፋል። በብዙዎቹ መኪኖች የዋናው ባትሪ ኃይል ወደ 400 ቮልት ይጠጋል፤ ኃይሉን የሚያመላልሱት ገመዶችም ብርቱካናማ ናቸው። ሠልጣኙ መኪናውን ከማየቱ በፊት መማር ያለበት ብርቱካናማውን ገመድ ያለመንካት ነው። ቀጥሎ የማቋረጫውን ሥርዓት ይማር፦ መኪናውን ማጥፋትና ቁልፉን ማራቅ፣ ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ መንቀል፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማቋረጫውን አውጥቶ ኪስ ውስጥ መያዝ፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙት ኮንደንሰሮች እስኪራገፉ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ማረጋገጥ። ይህን ሁሉ በቆመ የነዳጅ መኪና ላይ በማስመሰል ማለማመድ ይቻላል።

ለ1000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት አንድ ጥንድ ግዙ። ጓንቱ ከመጠለቁ በፊት ከአንጓው በኩል ይጠቀለልና አየሩ ወደ ጣቶቹ ይገፋል፤ ሠልጣኙ ጉንጩ አጠገብ አድርጎ ትንፋሽ የሚያወጣ ቀዳዳ እንዳለ ይፈትሻል። ይህን ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር እንዲያደርጉት አስለምዷቸው። የባትሪውን ሣጥን መክፈት ግን በኮሌጅ ደረጃ ላሉ ወጣቶች የሚፈቀድ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ በክፍላችን ካለነው ሁለት ሴቶች አንዷ ነኝ። ለትብብር ሥልጠና የሄድሁበት ጋራዥ ዕቃ እንዳጥብና ደረሰኝ እንድጽፍ ብቻ ያዘኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ በደል ነው፤ በዝምታ ልትቀበዪው አይገባም። ጋራዡ የተቀበለሽ እንድትሠለጥኚ ነውና ዛሬውኑ የሥልጠና መዝገብሽን አውጥተሽ በየቀኑ የሠራሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መዝገቡን ለኮሌጁ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ አሳዪ፤ ከእሮሮ ይልቅ አሥር ቀን ሙሉ «ዕቃ ማጠብ» የሚል ጽሑፍ ይከብዳል። አስተባባሪውም ጋራዡን ማነጋገር፣ ካልሆነም ቦታ መቀየር ግዴታው ነው።

ጉልበት ያንስሻል የሚሉሽ ካሉ፣ የጎማ ዳዶ በጉልበት አይታሰርም። የኮሮላ ጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በኃይል መለኪያ መፍቻ፣ ተሻጋሪውን ተከትሎ በኮከብ ቅርጽ። ቱቦ አስረዝሞ በእግሩ የሚረግጠው ጎረምሳ ክሩን ይበላዋል፤ አንቺ ግን መፍቻው ቀጭ ሲል ታቆሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ መካኒክ ነኝ። የተማርሁበትን ኮሌጅ መርዳት እፈልጋለሁ፤ ያገለገለ ሞተር ልላክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞተር አትላክ፤ የማጓጓዣው ወጪ ከጥቅሙ ይበልጣል። በዚያው ገንዘብ መልቲሜትሮች፣ ማይክሮሜትሮች፣ የኃይል መለኪያ መፍቻና የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ግዛ። መፍቻዎቹ በሚሊሜትር የተለኩ ይሁኑ፤ እዚህ በብዛት ባሉት የጃፓን መኪኖች ላይ የኢንች መፍቻ የብሎኑን ጥግ ይበላል። ከመላክህ በፊት ከኮሌጁ የሚፈልገውን ዝርዝር በደብዳቤ ተቀበል። ማይክሮሜትሮቹንም ስስ ዘይት ቀብተህ፣ የመለኪያ አፋቸውን በጥቂቱ ከፍተህ፣ ከነሣጥናቸው ጠቅልላቸው።